ኩይሳና ማሳ፦ ሐርቡ አካባቢ የጀመርኩት የአፈር ማይክሮብ ሙከራ ማስታወሻ

ሚያዝያ መጨረሻ፣ ቦታ መረጣ

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ማሳ ላይ ኩይሳ ቆሟል፣ ትንሽ ርምጃ ራቅ ብሎ ማሽላ ይዘራል። አፈሩ ሲነሳ አንድ ነው፣ ዝናቡም ፀሐዩም አንድ ነው። ታዲያ ኩይሳው ግድግዳ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ከማሳው ይለያሉ ወይ? ከተለያዩስ በምንድነው፣ ምስጡ መርጦ ስላስገባቸው ነው፣ አፈሩ ራሱ ስለተቀየረ ነው፣ ወይስ ቀድሞ የደረሰው ቦታውን ስለያዘ? ዲኤንኤ ማስነበቢያ የለኝም፣ ላብራቶሪም የለኝም፣ ግን በቤት እቃ የሚታየውን ያህል ማየት ይቻላል ብዬ ጀምሬያለሁ፣ እየሰራሁ እየጻፍኩ ነው።

ቦታው ወሎ ውስጥ ካለችው ከሐርቡ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ሲሉ ያለ ማሳ ነው። ኩይሳው ከሰው ቁመት ያልፋል፣ በውስጡም ምስጥ በደንብ አለ፣ ጫፉን ትንሽ ሲጭሩት ወታደሮቹ ወዲያው ይወጣሉ፣ በማግስቱ ሲሄዱ ቀዳዳው በርጥብ ጭቃ ተደፍኗል። የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ መጀመሪያ "ልታፈርሰው ነው እንዴ?" አሉኝ። አይ አባባ፣ ከግድግዳው ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ነው የምወስደው ስላቸው "እንግዲያስ አብሽር፣ ደሞ ብታፈርሰውም ንግስቲቱ ካልወጣች መልሶ ይሰራዋል" አሉ። አባታቸው ጎተራ ሲመርጉ ጭቃውን ከዚሁ ኩይሳ ነበር የሚያመጡት፣ ስለማይሰነጠቅ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመለሳለች።

እቃ፦ ፕሬዠር ድስት (ቤት ያለው)፣ ክዳን ያላቸው የማርማላታ ጠርሙሶች፣ ከፋርማሲ ስሪንጅ፣ አልኮል፣ ጓንት፣ ፎይል፣ በረኪና፣ ባለዚፕ ፌስታል፣ የፒኤች ወረቀት (አፈሩ አሲዳማ መሆን አለመሆኑን የሚለካ)። እስካሁን በጣም የተወደደው የፒኤች ወረቀቱ ነው፣ 600 ብር፣ እሱም ከአዲስ አበባ በሰው ነው የመጣው።

ግንቦት፣ ናሙና እና የጠርሙስ ፈተና

ከአራት ቦታ ወሰድኩ። ከማሳው ከዶማ ስር የሚወጣው አፈር፣ የኩይሳው የውጭ ግድግዳ፣ የውስጥ ግድግዳ፣ እና ከውስጥ ምስጡ ፈንገስ ከሚያበቅልበት እርሻ አጠገብ ያለው። ማንኪያውን በየመሀሉ በአልኮል ጠርጌ በላይተር አቃጥላለሁ፣ ካልሆነ የመጀመሪያው አፈር ሁለተኛው ላይ ይገባና ሁሉም አንድ ይመስላል። ጓንት ግዴታ ነው፣ የቴታነስ ባክቴሪያ መኖሪያው አፈር ነው፣ ስፖሩ (ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ዘር) ደሞ ዝም ብሎ በሚፈላ ውሃ አይሞትም።

የጠርሙስ ፈተናው ቀላል ነው። የጠርሙሱን ሲሶ አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ቁንጥር ኦሞ፣ ከዛ በደንብ መናጥ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ቀን ከዛም በላይ ይፈልጋል። የማሳው አፈር በማግስቱ ውሃው ጠርቷል። የኩይሳው ግን ቀናት ቆይቶም ውሃው ድፍርስ ነው፣ ከላይ የተቀመጠው የሸክላ ንብርብርም በግልጽ ወፍራም ነው። ምስጥ ከታች ጥልቀት ላይ ያለውን ሸክላ እያወጣ በምራቁ እያጣበቀ ነው የሚሰራው፣ የሽማግሌው አባት ጎተራቸው ያልተሰነጠቀውም ለዚህ ነው።

ፒኤች፦ ማሳው 6.5 አካባቢ፣ የኩይሳው ውስጥ ግድግዳ ከ7.5 ወደ 8። አቼቶ ጠብ ሳደርግበት የውስጥ ግድግዳው ፊሽ ብሎ አረፋ አወጣ፣ የማሳው ምንም። አረፋው ካርቦኔት አለ ማለት ነው። ከስር ተሸክመው ያመጡት ካልሲየም ውሃው ሲተን እዛው ይቀራል።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፊረርና ጃክሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰበ አፈር አወዳድረው የባክቴሪያውን ስብጥር ከሁሉ በላይ የሚተነብየው የቦታው ሙቀት ወይም ርቀት ሳይሆን የአፈሩ ፒኤች ሆኖ ነው ያገኙት። ስለዚ ምስጡ አንድም ባክቴሪያ በእጁ ሳይመርጥ፣ ቤት ስለሰራ ብቻ፣ ማን እንደሚኖርበት ግማሹን ወስኗል ማለት ነው። ግማሹን ያልኩት ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ማየት ስለምፈልግ ነው።

ግንቦት መጨረሻ፣ ጄላቲን ቀለጠ

ማይክሮቡን ለማየት የሚበቅልበት የረጋ ምግብ ያስፈልጋል። አጋር የሚባለው ማርጊያ ውድ ስለሆነ መጀመሪያ በጄላቲን ሞከርኩ፣ የድንች ውሃና ስኳር ከጄላቲን ጋር። ጠዋት ቆንጆ ረግቶ ነበር። ከሰዓት ላይ የሐርቡ ሙቀት ሲመጣ ሾርባ ሆነ። ማታ እንደገና ረጋ ግን በላዩ የነበረው ሁሉ ተቀላቅሏል። ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀመጥኩትንም ባክቴሪያው ራሱ እየበላ አቀለጠው፣ ብዙ የአፈር ባክቴሪያ ጄላቲን ይፈጫል።

ይሄው ችግር የዛሬ መቶ ምናምን አመት ጀርመን አገር የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮበርት ኮህ ላብ ውስጥም ነበር። የፈታችው ፋኒ ሄሰ ናት፣ ባሏ እዛ ላብ ይሰራ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ጄሊ የምትሰራው ከባህር አረም በሚወጣው አጋር ነበር፣ ጃቫ ከኖሩ ጎረቤቶች የተማረችው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በሱ ሞክሩ አለች። አጋር አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይቀልጥም፣ አብዛኛው ባክቴሪያም አይበላውም። ስሟ ሲጠራ ብዙ አይሰማም፣ ሳህኑን ያወጣው ፔትሪ ግን ሳህኑ ላይ ስሙ ቀርቷል። እኔ በየሳህኑ ላይ ስጽፍ ትዝ ትለኛለች።

እና አጋር ገዛሁ፣ 100 ግራም 2,800 ብር። ያማል፣ ግን ሒሳቡን ስሰራው ለአንድ ሊትር 15 ግራም ነው የሚገባው፣ አንድ ሳህን 20 ሚሊ ይበቃዋል፣ ስለዚ ከ300 በላይ ሳህን ይወጣዋል። አዘገጃጀቴ፦ 200 ግራም ድንች ቀቅዬ ውሃውን አጥልዬ፣ 20 ግራም ስኳር፣ 15 ግራም አጋር፣ ውሃ እስከ አንድ ሊትር። ይሄ ለፈንገስ ነው። ለባክቴሪያ ደግሞ ጨው የሌለው በጣም የቀጠነ የስጋ መረቅ ከአጋር ጋር። መረቁ ወፍራም ከሆነ ቶሎ የሚበሉት ሁለት ሶስት አይነቶች ሳህኑን ይሸፍኑትና ዝግተኞቹ አይታዩም።

የፕሬዠር ድስት ማስጠንቀቂያ። መጽሐፉ ምግቡን ለማምከን 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይላል፣ ያ ግን ባህር ጠለል ላይ ነው። እኔ የማበስለው ኮምቦልቻ ነው፣ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው፣ ድስቱም በዛው ግፊት 118 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ስለዚ 30 ደቂቃ ከዛም በላይ እተወዋለሁ። ደሴ ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ጨምሩ።

ሰኔ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች

አንድ ግራም አፈር በ9 ሚሊ የተቀቀለ ውሃ፣ ከሱ 1 ሚሊ በሌላ 9 ሚሊ፣ እያለ እስከ አምስተኛው ድረስ። የመጀመሪያውን እንዳለ ብታፈሱት ሳህኑ ላይ መቁጠሪያ ቦታ አይኖርም፣ አንድ ግራም ጥሩ አፈር ውስጥ ቢሊዮን ሊደርስ የሚችል ባክቴሪያ አለ። ከዛ ውስጥ ሳህን ላይ የሚበቅለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። ስለዚ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ሳህን ላይ መብቀል የቻሉት ይሄን አሳዩ ብላችሁ አንብቡት።

ባዶ ሳህኖቹ (አፈር ያልነካቸው) ላይም ሻጋታ በቀለ። ሳሎን ውስጥ አየር ይመጣል፣ ልጆች ያልፋሉ። ትልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቼ (450 ብር) ለእጅ ሁለት ቀዳዳ አወጣሁለት፣ ውስጡን በአልኮል ጠርጌ ሁሉንም እዛ ውስጥ መስራት ጀመርኩ። ከዛ በኋላ ባዶዎቹ ንጹህ ሆኑ። ባዶ ሳህን ሳታስቀምጡ ማንንም አትመኑ፣ የራሳችሁንም ውጤት።

የመጣው እንዲህ ነው። ማሳው፦ ብዙ የተለያየ ሻጋታ፣ ትራይኮደርማ የሚመስል አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ፣ ከስር ደግሞ የሚያዳልጡ የባክቴሪያ ኮሎኒዎች (በአይን የሚታዩ ክምችቶች)። የኩይሳው ውስጥ ግድግዳ፦ የሻጋታው አይነት አነሰ፣ በምትኩ ትንንሽ ደረቅ ዱቄት የለበሱ ነጭና ግራጫ ኮሎኒዎች በዙ፣ መርፌ ሲነካቸው አጋሩን ነክሰው ይይዛሉ። እነዚህ አክቲኖማይሲት የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ክዳኑን ትንሽ ገለጥ ሲያደርጉት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካ መሬት የሚሸተው ሽታ ይወጣል፣ ያን ሽታ የሚሰሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፣ ንጥረ ነገሩ ጂኦስሚን ይባላል። ስትሬፕቶማይሲን፣ የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከእንዲህ አይነት የአፈር ኮሎኒ ነው። ሻጋታ የሚከላከል ነገር የሚያመርቱ ብዙ ናቸው በመሀላቸው፣ በተጨማሪም ፈንገስ በጥቅሉ አሲዳማ አፈር ይመቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላው። ከፒኤቹ ጋር ይገጥማል።

አስወጋገድ፦ ሳህኑን ለማጠብ አትክፈቱት። በረኪና ሞልቼ አሳድሬ ነው የምጥለው።

ሰኔ አጋማሽ፣ ባዶ አፈር ማዘጋጀት

እስካሁን ያየሁት ማን እንዳለ ነው። እንዴት እንደመጣ ለማየት ግን ማንም የሌለበት አፈር ሰርቶ እዛው መልሶ አስቀምጦ ማን ቀድሞ እንደሚገባ መከታተል ያስፈልጋል።

አፈር ማምከን ከምግብ ማምከን ይከብዳል። አንድ ጊዜ ቀቅሎ መተው አይበቃም፣ ስፖሮቹ ተኝተው ይተርፋሉ። የሰራልኝ ሳይንቲስቱ ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1877 ያወጣው ዘዴ ነው፦ ዛሬ መቀቀል፣ እስከ ነገ ሞቅ ያለ ቦታ መተው፣ ነገ እንደገና፣ ከነገ ወዲያ እንደገና። የተረፈው ስፖር በመሀል ልብላ ብሎ ይነቃል፣ ከነቃ በኋላ ግን ሙቀት አይችልም። እሱን በፕሬዠር ድስት ነው የሰራሁት፣ አፈሩን ርጥብ አድርጌ። መሀል ላይ መብራት ስለጠፋ አንዱን ዙር በከሰል ጨረስኩት፣ ሰራ። ሳህን ላይ ሲፈተን ምንም አልበቀለም።

ከዛ የማሳ አፈርና የኩይሳ አፈር፣ ሁለቱም የመከኑ፣ በትንንሽ የስቶኪንግ ከረጢት ውስጥ ገቡ። የሁለቱም አይነት ማሳው ውስጥም ተቀበረ ኩይሳው ግድግዳ ውስጥም ገባ፣ ጥቂት ደግሞ ቤት ታሽጎ ቀረ። ለምን አራት አይነት ካላችሁ፣ የኩይሳ አፈር ማሳ ላይ ሆኖ የኩይሳ ነዋሪ ከሳበ ወሳኙ አፈሩ ነው፣ የማሳ ነዋሪ ከገባበት ወሳኙ ጎረቤቱ ነው ለማለት ነው። ከነዚህ ሌላ ጥቂት ከረጢቶች ላይ ቁንጥር ያልመከነ የማሳ አፈር ቀላቅዬ ሳምንት ቤት አቆይቼ ነው ኩይሳው ውስጥ ያስገባኋቸው፣ የማሳዎቹ ቀድመው ቦታ ከያዙ ምን ይሆናል የሚለውን ለማየት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ኩይሳ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች ተከፍተው አፈሩ ፈሷል። ስቶኪንጉ ናይሎን ስለሆነ አልተነካም፣ የታሰረበትን የጥጥ ክር ግን ምስጡ ጨርሶ በልቶታል። ከሐይቅ አሳ አጥማጆች የሚጠቀሙበትን የናይሎን ክር አስመጣሁ፣ እንደገና አመከንኩ፣ እንደገና ተቀበረ። በዚህ ሁለተኛ ዙር ከረጢቶቹን አልበሉም ግን ሙሉ በሙሉ በጭቃ መረጓቸው፣ የግድግዳው አካል አደረጓቸው። ለሙከራው ይሄ ከጠበኩት የተሻለ ነው።

ሐምሌ፣ አሸኑና እንጉዳዩ

ክረምቱ ገባ። ማታ ማታ አሸን ከመሬት እየፈላ መብራት ስር ይረግፋል፣ ጠዋት ዶሮዎቹ ይለቅሙታል። ከነሱ ውስጥ የተረፉት ጥንዶች መሬት ገብተው አዲስ ቤት ይጀምራሉ። የዚህ አይነት ምስጥ እንጨትና ገለባ ራሱ አይፈጭም፣ ቤቱ ውስጥ ተርሚቶማይሲስ የሚባል ፈንገስ ያርሳል፣ የበላውን ገለባ በኩሱ ሰፍነግ የሚመስል እርሻ አድርጎ ይሰራና ፈንገሱ ያበስልለታል። ይሄ እርሻ አፍሪካ ውስጥ 30 ሚሊዮን አመት አካባቢ እድሜ አለው።

አዲሶቹ ጥንዶች ግን ብዙውን ጊዜ ፈንገሱን ይዘው አይሄዱም። የሚገርመኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆቻቸው አድገው ለስራ ሲወጡ፣ ከድሮዎቹ ኩይሳዎች ላይ የዚሁ ፈንገስ እንጉዳይ ወጥቶ ስፖሩን የሚበትንበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፣ ከመኖው ጋር ለቅመው ያስገቡታል። ስለዚ መጀመሪያ ላይ ብዙ ዘር ነው የሚገባው። ትልቅ ኩይሳ ውስጥ ግን የሚገኘው አንድ ዘር ብቻ ነው። ሰራተኞቹ እርሻው ላይ የሚወጡትን ነጫጭ እንክብሎች ይበላሉ፣ በውስጣቸው ያለው ስፖር ሳይፈጭ ወጥቶ አዲሱን እርሻ ይዘራል፣ ስለዚ ዛሬ የበዛው ነገ ይበልጥ ይዘራል፣ ያነሰው ይጠፋል። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍና ከኋላ እየተቀባበሉ ነው ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚያልፈው፣ እሱ ከአፈር እስኪመጣ አይጠበቅም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አይነት አገባብ አለ ማለት ነው፣ የሚወረስና የሚለቀም።

ከእርሻው ሁለት ጉማጅ አመጣሁ። አንዱን ከነሰራተኞቹ በአንድ ጠርሙስ፣ ሌላውን ምስጡን ሁሉ አራግፌ በሌላ፣ ሁለቱም ርጥብ ጥጥ አላቸው፣ ሁለቱም ጨለማ ውስጥ። ምስጥ የሌለበት ላይ ቀናት ሳይቆይ ሌላ ነጭ ክር ሸፈነው፣ ሳምንት ሲሞላው ከላዩ ጣት ጣት የሚያክል እንጨት መሰል ነገር ቆመ፣ ጫፉ ነጭ ስሩ ጥቁር። ፕሲዶዛይላሪያ የሚባለው ፈንገስ ነው። ከውጭ የመጣ አይደለም፣ እርሻው ውስጥ ድሮም ተደብቆ የነበረ ነው፣ ምስጡ እያረመ ስለሚይዘው አይታይም። ምስጥ ያለበት ጠርሙስ ላይ ያ ነገር አልወጣም፣ ሰራተኞቹ መሞት እስኪጀምሩ ድረስ፣ ከዛ እዛም ጀመረ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ስራ በጣም ያስደነቀኝ ይቺ ሁለት ጠርሙስ ናት፣ ወጪዋ የጠርሙሱ ብቻ ነው። አስተማሪ የሆናችሁ ለባዮሎጂ ክፍል ስሩት፣ ከመጽሐፉ ስዕል አስር እጥፍ ይገባቸዋል።

ሽማግሌውን እንጉዳዩ ስለሚወጣበት ጊዜ ጠየኳቸው። ሰው ያፈረሰው ወይ ምስጡ የለቀቀው ኩይሳ ላይ ያ ነጩ እንጉዳይ እንደማይወጣ ነገሩኝ፣ ልጅ ሆነው ሲለቅሙ የሚሄዱት ምስጥ ወዳለበት ብቻ ነበር።

ነሐሴ፣ ከረጢቶቹ ሲወጡ

ከየቦታው ጥቂት ጥቂት እያወጣሁ ሳህን ላይ ዘርቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ የወጡት ላይ፣ የትም የተቀመጡ ቢሆኑ፣ ቶሎ የሚባዙት የሚያዳልጡ ባክቴሪያዎች ናቸው የሞሉት። ማሳ ውስጥ የነበሩት ላይ ጥቁሩና አረንጓዴው ሻጋታ ቶሎ ተከተለ። ኩይሳ ውስጥ ያሉት ላይ ሻጋታው ዘገየ፣ አነሰም። በዚህ ሰዓት የማሳ አፈርና የኩይሳ አፈር ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነት አልነበራቸውም፣ ሁለቱም የሚመስሉት ያረፉበትን ሰፈር ነው።

ኋላ ላይ ሲወጡ ግን ተቀየረ። ማሳ ውስጥ የተቀበረው የኩይሳ አፈር ሻጋታው እየቀነሰ ዱቄታማዎቹ አክቲኖማይሲቶች እየበዙበት ሄዱ፣ አጠገቡ ያለው የማሳ አፈር ግን እንደጎረቤቱ ማሳ ሆኖ ቀረ። ሰፈሩ ማን እንደሚደርስ ይወስናል፣ አፈሩ ማን እንደሚቆይ።

ቀድሞ ቁንጥር የማሳ አፈር የገባባቸው ከረጢቶች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ኩይሳ ውስጥ፣ በጭቃ ተመርገው፣ ክረምቱን ሁሉ ቆይተው፣ አረንጓዴው ሻጋታ አሁንም አለባቸው። ሌሎቹ የኩይሳ ከረጢቶች ላይ እሱ የለም። የሆላንዱ ሳይንቲስት ባስ ቤኪንግ እ.ኤ.አ. በ1934 ሁሉም አይነት ማይክሮብ ሁሉም ቦታ አለ፣ መራጩ አካባቢው ነው የሚለውን ሀሳብ ካወጣ ወዲህ ብዙ ሰው በሱ ነው የሚሄደው፣ ትልቅ ሀሳብ ነው፣ ግን እነዚህን ከረጢቶች ካየሁ በኋላ ለኔ ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ የገባው ምግቡንም ቀዳዳውንም ይዞ ሲጠብቅ የሚመርጠው አካባቢ ብቻ አይደለም።

ቤት ታሽገው የቀሩት ከአንዱ በስተቀር ንጹህ ናቸው። አንዱ ክዳኑ ላልቶ ነበር፣ ከሒሳብ አውጥቼዋለሁ።

ጳጉሜን፣ ወጪና የሚቀጥለው

እስካሁን አጋር 2,800፣ የፒኤች ወረቀት 600፣ ሳጥን 450፣ ስሪንጅ፣ አልኮል፣ ጓንትና በረኪና ተደምሮ 900 አካባቢ፣ ድንችና ስኳር ከቤት። ትራንስፖርቱን አልቆጠርኩም። አጋሩ ገና ግማሹ አለ።

ሽማግሌው የኩይሳውን አፈር ማሽላ ላይ ብበትነው ይጠቅመኛል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ሸክላውና ካልሲየሙ ለአሸዋማ ማሳ እንደሚረዳ ነግሬያቸዋለሁ፣ ነዋሪዎቹ ግን አብረው ይቆዩልኛል ብለው እንዳይጠብቁ፣ ቀድመው የያዙት አሉ። ለመጪው በልግ ከማሳው ዳር ትንሽ መደብ ሰጥተውኛል፣ ግማሹ ላይ የኩይሳ አፈር ይበተናል፣ ግማሹ እንዳለ ይቆያል፣ ሁለቱም ላይ አንድ አይነት ማሽላ። አፈሩን ከመበተኑ በፊት፣ ማሽላው ሲበቅልና ሲታጨድ ሳህን ላይ አወጣዋለሁ። ሁለት ከረጢትም ኩይሳው ግድግዳ ውስጥ ትቻለሁ፣ የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲያልፍ ነው የሚወጡት።